የቀዩ አልጋ ልብስ ክስ

ጥቅምት 6 ቀን

ለቀጮ፣ ለባለቤቴ የእህት ልጅ፣ ባሕር ማዶ ላለሽው፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። ፈጣሪ እግርሽን ከመሰናክል፣ ደጅሽን ከክፉ እንግዳ ይጠብቅልሽ። የእኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴ ያማርራል እንጂ እኔ አላማርርም። አክስትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል፤ ቢሆንም እጄ አልሰነፈም፣ በየቀኑ እሸምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ጎረቤቴ ጡረተኛው ፖስተኛ "እኔ ልጻፍልዎ" ብሎኝ ነበር። እሱ ከጻፈው ግን ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድብሽ አንገትሽን አዘንብለሽ አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሯን ታውቂያታለሽ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የምትኖረውን፣ አንቺንም ቁጥር ያስተማረችሽን። ልጇ አዲስ ቤት ስትገባ ቀይና ነጭ መስመር ያለው አልጋ ልብስ ሸጥኩላት። መጀመሪያ ሲታጠብ ቀዩ ነጩ ላይ ፈሰሰና ጨርቁ በሙሉ በጥፊ የተመታ ጉንጭ መሰለ። መሃሉ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ የሚመስል መስመር ወጣበት፤ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ያሳያል። ይዛው መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? "አባባ፣ ይሄ ጨርቅ ነው ወይስ ወንፊት?" ወንፊት! ለእኔ! ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሸማቾች ጽሕፈት ቤት ሄደች።

ጥፋተኛውን እኔ አውቀዋለሁ። ባለ ክሩ ጢሞ ነው፣ ያ ጢሙ ከራሱ ቀድሞ ሱቅ የሚገባው። ክሩንም የቀለሙን ዱቄትም የሸጠልኝ እሱ ነው። ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ከሌላ ሰው ክር ገዝቼ አላውቅም። ሲያረጅ ግን ሌባ ሆነ። የበሰበሰ ክር ሸጠልኝ፣ ቀለሙንም ከጡብ ዱቄት ጋር ቀላቀለው። እኔም በተራዬ እዚያው ጽሕፈት ቤት ከሰስኩት። ካመኑኝ ሱቁን ያሽጉታል። ማስረጃ አምጣ ብለውኛል።

ማስረጃዬ አንቺ ነሽ። እዚያ ጨርቅ እየመረመሩ ገዢ እንዳይታለል የሚጠብቁበት ቤት አይደል የምትሠሪው? ከዚያው አልጋ ልብስ የተረፈኝን ቁራጭ ልኬልሻለሁ። "ክሩ የበሰበሰ ነው፣ ቀለሙም የውሸት ነው" ብለሽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ። የባሕር ማዶ ማኅተም ሲያዩ አፋቸውን ይይዛሉ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ጫማም መድኃኒትም እንዳትልኪ።

በሸመንኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ጨርቅ ተመልሶብኝ አያውቅም። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ።

በሰላም ዋይ፣ በሰላም እደሪ።

ሸማኔው ጋሼሽ


ጥቅምት 28 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ሰላምታዬ ጉልበትዎን አልፎ እርስዎ ዘንድ ይድረስ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገና ሳይጠራ መጥቷል።

ቁራጩ ዛሬ ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍት ባልደረቦቼ እንዳያዩኝ ዞር ብዬ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ቤታችሁን ቤታችሁን ይሸታል። እንደማለቅስ ያወቅሁት ጠረጴዛው ላይ ጠብ ሲል ነው። ጨርቅ የሚመረመርበት ክፍል ውስጥ ደግሞ እንባ ክልክል ነው፤ ቆሻሻ ተብሎ ይጻፋል።

ክፍሉን እንዲያዩት ላሳይዎ። መስኮት የለውም። መሃሉ ላይ ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ አለ፤ ጨርቁን እዚያ ላይ እየጎተትን የሳሳውን፣ የተዘለለውን፣ የተቋጠረውን እንፈልጋለን። ከጎኑ ክር ጎትቶ የሚበጥስ ዕቃ አለ። ነጭ ጨርቅ ይዛ ቀለም የምትፈትግ ትንሽ የብረት ክንድም አለች፤ ነጩ ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ጨርቁ ወደመጣበት ይመለሳል። ትናንት የሕፃናት ፒጃማ ጭነት ሙሉ መለስን። ሕፃን የሚልሰው ነገር ቀለም መልቀቅ የለበትም። ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይህን ሁሉ ማየት አይችልም፤ የምናይለት እኛ ነን።

ጋሼ፣ ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ። ክሩን ከነከሩ በኋላ ማን አለቀለቀው? አልጋ ልብሱ ከመሸጡ በፊት ታጥቦ ነበር? የሽመና ዕቃው አሁንም ጨለማው ጥግ ላይ ነው ወይስ ወደ መስኮቱ አስጠጉት? ከጢሞ ክር የሚገዙ ሌሎቹ ሸማኔዎችስ አቤት ብለዋል?

እባክዎ እስከዚያ ድረስ ጢሞን ሰላም ይበሉት።

አክባሪዎ ቀጮ


ኅዳር 21 ቀን

ለቀጮ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጤናሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ ፈጣሪ አያጉድልብሽ፤ በቀረው ግን አልተደሰትኩም። ማኅተም ብጠይቅሽ ጥያቄ ላክሽልኝ። ምስክር ጠርቼ መርማሪ መጣብኝ።

ከጠየቅሽ አይቀር ልመልስልሽ። የሽመና ዕቃው ያለው በነበረበት ነው። እኔ ስሸምን በእጄ ነው እንጂ በመስኮት አይደለም።

ጨርቁ ታጥቦ ነበር ወይ ትያለሽ። አዲስ ጨርቅ ምን ቆሻሻ አለበትና ይታጠባል? አክስትሽ ታጥብ ነበር። እሷማ ውሃ ካየች የማታጥበው ነገር አልነበራትም፤ ድንጋይ ብትሰጫት ታጥባለች። ስንቴ ተጨቃጨቅን! "አንቺ ሴት፣ ወንዙን ጨረስሽው" እላታለሁ። "ውሃው እስኪጠራ ነው" ትለኛለች። አሁን እሷም የለችም፣ ውሃውም ተርፏል።

ሌሎቹ ሸማኔዎች ዝም ብለዋል። ጢሞ በዱቤ ስለሚሰጣቸው ነው ዝም የሚሉት። የእኔን አፍ ግን ዱቤ አይዘጋውም።

ባለፈው ጢሞ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ አላልኩትም።

"ሰውዬ፣ ሱቄ ሊታሸግ ነው" አለኝ።

"ይታሸግ" አልኩት።

"ከዚያው ጥቅል ለሌሎችም ሸጫለሁ። የማንም አልተበጠሰም፣ የማንም አልለቀቀም።"

"ጠብቅ፤ ይለቃል።"

"እሷ ስትቀበር ማን ነበር ብብትህን ይዞ ያቆመህ?"

"ብብቴን መያዝህ ኪሴን ለመያዝ ፈቃድ አይሆንህም" አልኩት።

ዞሮ ጥቂት ከሄደ በኋላ ደግሞ ቆመና ምን አለኝ መሰለሽ? "ጉልበትህን ማታ ማታ በሙቅ ውሃ ያዘው፤ አረማመድህ ደስ አይልም።" ከሳሹን የሚያክም ተከሳሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይህም ተንኮል ነው።

ቀጠሮው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ፍጠኚ። ፖስተኛውን "የእኛ ልጅ ወረቀት እየመጣ ነው" ብዬዋለሁ፤ በየጠዋቱ "መጣ?" ይለኛል። ጡረታ ወጥቶም ሥራውን አልተወም።

ጤናውን ያብዛልሽ።

ሸማኔው


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝዎ፤ ቤትዎም ቀንዎም የሞቀ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ምርመራው ካለቀ ቆይቷል። የዘገየው እጄ ነው።

ክሩን በመጎተቻው ደጋግሜ ሳብኩት። ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰ ክር እንዲህ አይታገልም። ቀለሙም እውነተኛ ቀለም ነው፤ ጡብም ሌላም ነገር የለበትም። ግን ቀይ ቀለም ክሩ ሊጠጣው ከሚችለው በላይ ሲነከር ትርፉ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ካልታጠበ መጀመሪያ ባገኘው ነጭ ላይ ያርፋል። ቁራጭዎን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን ውሃው እስኪጠራ አለቀለቅኩትና ከነጭ ጨርቅ ጋር አጠብኩት፤ ነጩ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ሌላውን እንዳለ አጠብኩት፤ ነጩ ቀልቶ ወጣ። ልዩነቱ ውሃው ብቻ ነው።

መስመሩም እንደዚሁ። ክሩ በስብሶ የሳሳ አይደለም። ከድሩ አንድ ክር ተበጥሶ፣ ሳይቀጠል፣ ሽመናው ቀጥሏል። የተበጠሰው ክር ቦታ ባዶ ሆኖ እስከ ጫፍ ሄዷል። ጋሼ፣ ይህ በማንም ሸማኔ ይደርሳል። እዚህ ትልልቅ ማሽን የሸመነው ላይ በየቀኑ አያለሁ፤ ማሽኑ ግን አይቀየምም።

የጠየቁኝን ልጽፍ አልችልም። በክር ሻጭ ላይ በሐሰት ብመሰክር ነገ ስለ ሕፃን ፒጃማ የምናገረውን ማን ያምነኛል? ያየሁትን በወረቀት አስፍሬ ለእርስዎ ብቻ ልኬያለሁ። ለጽሕፈት ቤቱ አልላክሁም።

ክሱን ያንሱ፣ እባክዎ። ጢሞ በዚህ እድሜው ሱቁ ቢታሸግ ምን ይሆናል?

ሁልጊዜም አክባሪዎ ቀጮ


ጥር 9 ቀን

ቀጮ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ጤናሽን ሌላ ሰው ይጠይቅሽ።

ወረቀትሽን አነበብኩት። አንድ ቃል አልገባ ሲለኝ እንኳ ፖስተኛውን አልጠየቅሁም፤ ራሴን አዋርጄ አንብቤዋለሁ።

እሺ፣ ልመንሽ። እንግዲያው አንድ ነገር መልሺልኝ። ሳልቀጥል ያለፍኩት ክር፣ ሳላጥብ የሸጥኩት ቀለም ካለ፣ ይህ ሁሉ ዘመን የት ተደብቆ ነበር? እጄ ያው እጅ ነው። ዕቃው ያው ዕቃ ነው። ጥጉም ያው ጥግ ነው። የነከርኩትም ያው እኔው ነኝ፤ አክስትሽ እሳት ከማንደድ በቀር የማቅለሚያውን በርሜል ነክታው አታውቅም። እሷ በሕይወት እያለች የማንም ነጭ አልቀላም፣ የማንም ጨርቅ ወንፊት አልሆነም። ወይስ እሷ ስትሞት እጄ አብሯት ሞተ?

የተቀየረው ነገር ክሩ ብቻ ነው። ክሩ ደግሞ የጢሞ ነው። አበቃ።

አሳድጌሽ ነበር፤ እናትሽ ስትታመም በዚህ ቤት ነው የኖርሽው። አሁን ግን ለባዕድ ገዢ የምትሰጪውን ዓይን ለእኔ ነፈግሽኝ። መልስ ካለሽ ጻፊ። ከሌለሽ ወረቀትሽን ምድጃ ውስጥ ከትቼ ያለ ወረቀት እከሰዋለሁ። ምላስ አለኝ።

ፊርማም የለኝም።


ጥር 18 ቀን

ጋሼ፤

ቢቀየሙኝም ፈጣሪ ጤናዎን አይንሳዎ። ይህን በፈጣኑ ፖስታ የላክሁት ከቀጠሮው በፊት እንዲደርስዎ ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤዎ የደረሰ ቀንም አውቀው ነበር። ያልነገርኩዎት አክስቴን ቃል ስለገባሁላት ነው።

እናንተ ቤት ስኖር፣ ጨርቅ ተሸምኖ ባለቀ ቁጥር፣ እርስዎ ደስ ብሎዎት ዳማ ሊጫወቱ ወደ ጢሞ ሱቅ ይወጡ ነበር። አክስቴ የግቢውን በር ትዘጋለች። ጨርቁን ገመዱ ላይ ትዘረጋና ከሥሩ ትቀመጣለች፣ ፀሐይዋን ከላይ አድርጋ። ብርሃን ሾልኮ ፊቷ ላይ ሲያርፍ "ያዝኩህ!" ትላለች። ማንን እንደያዘች አይገባኝም ነበር። መርፌው ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ። አንዱን ክር ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለች የጎደለውን ድር በመርፌ መልሳ ትሸምነዋለች። ከዚያ ታጥበዋለች፣ ውሃው እስኪጠራ። ተመልሰው ሲመጡ ጨርቁ ታጥፎ ይጠብቅዎታል። ሁልጊዜ በመዳፍዎ መታ መታ አድርገው "ይሄ ነው ሥራ!" ይሉ ነበር። እሷም "ይሄ ነው" ትላለች።

አንድ ቀን "ለጋሼ ለምን አትነግሪውም?" አልኳት።

"ድምፁን አትሰሚውም?" አለችኝ። "መወርወሪያውን ሲወረውር የሚዘፍን ሰው ይመስላል። ከነገርኩት ማየት ይጀምራል። እያየ የሚወረውር ደግሞ ይፈራል። እሱ ይሸምን፣ ማየቱን ለእኔ ተይው።"

ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ። ስታርፍ እንኳ ቃሉን ይዤ ነበር። ያፈረስኩት ስለ ጢሞ ነው። እሷም ብትሆን ሱቁ እንዲታሸግ የምትፈቅድ አይመስለኝም። ከተሳሳትኩ የምትቆጣው እኔን ነው።

ካላመኑኝ ከራስዎ አልጋ ላይ ያለውን አልጋ ልብስ ያንሱ። ገልብጠው ጀርባውን ወደ ብርሃን ይያዙት።

ቀጮ


የካቲት 30 ቀን

ለቀጮ፣ ለልጄ፤

ጤናሽ እንደምን ነው? ብርዱስ ለቀቀሽ? ፈጣሪ በሰው ፊት አያሳፍርሽ። ዝም ያልኩት ስለሞትኩ እንዳይመስልሽ፤ አለሁ። ብዙ የምነግርሽ ነገር ስላለኝ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰ አልጋ ልብሱን አነሳሁና ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ገለበጥኩት። ምንም የለም። አዙሬ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ምንም። "ይህች ልጅ ዋሸች" ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ግን መስኮቱን ራሱን ሳየው የብረቱ ፍርግርግ አልታይ አለኝ። ከጨርቁ በፊት ዓይኔ ሳስቷል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ በእጄ እንጂ በዓይኔ አልሠራም ስል እኮ ነው የኖርኩት።

እንግዲህ ማን ይይልኝ? ፖስተኛው ክርና ገመድ አይለይም። መምህሯ ዘንድ አልሄድም። ክር የሚያውቅ ዓይን በዚህ መንደር አንድ ብቻ ነው ያለው። ጠቅልዬ በብብቴ ይዤው ሄድኩ።

"ምን ፈለግህ?" አለኝ ጢሞ፣ ሳይነሳ።

"ዓይን" አልኩት።

"ዓይን አልሸጥም። የምሸጠው ክር ነው፤ እሱም የበሰበሰ ነው ይላሉ።"

መልስ ነበረኝ፤ ዋጥ አደረግሁት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለትና "ጀርባውን እይልኝ" አልኩት። መነጽሩን አደረገ። በሩ ላይ ወደ ብርሃን ይዞት ቆመና ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ በጥፍሩ ነካ አድርጎ "እዚህ" አለ።

"የት?"

"ጣትህን አምጣ።"

ጣቴን ይዞ ወሰደው። በዓይኔ አላየሁትም፤ በጣቴ ግን እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ትንሽ ወፈር ያለ መንገድ አገኘሁ። "ደግሞ እዚህ" አለ። "ደግሞ እዚህ ጋ።" መቁጠር ሲጀምር "አትቁጠር" አልኩት።

እንዲህ አለኝ፤ "ከእኔ ዘንድ ቁርጥራጭ ክር ትወስድ ነበር፣ ከየቀለሙ ትንሽ ትንሽ። ለምንሽ ነው ስላት 'ለባሌ ኩራት' ትለኛለች። ኮሌታህን የምትጠልፍልህ መስሎኝ ነበር።"

"ኮሌታዬ ላይ ጥልፍ አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"የሰው ሚስት የሠራችውን ኮሌታ ምን ብዬ አያለሁ?" አለ።

ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቁን ማቆም አቃተኝ፤ ሳቅ መሆኑም ቀረ። ጢሞ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው፣ መንገደኛ እንዳያየኝ።

በቀጠሮው ቀን ሁለታችንም ሄድን። በአንድ መንገድ ሄደን በሁለት ወንበር ተቀመጥን። ፀሐፊው "አባት፣ ክሱን የሚያነሱት ታርቃችሁ ነው?" አለኝ። "አልታረቅንም" አልኩት። "ተሳስቼ ነው። ክሩ ደህና ነው። የተበጠሰውን ያልቀጠልኩ፣ ቀለሙን ያላለቀለቅኩ እኔ ነኝ።" ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሁሉ ሰማ። ፖስተኛውም እዚያ ነበር፤ ምን ሊያደርግ እንደመጣ እሱ ያውቃል። መምህሯ ቀና ብላ አየችኝ። እንደ ተማሪዋ አየችኝ። "አባባ፣ አዲስ ይሸምኑልኝ፤ ቸኩዬ አይደለም" አለች። ጽሕፈት ቤቱም ከእንግዲህ ጨርቄን ለገዢ ሳላሳይ፣ በብርሃን ሳልዘረጋ እንዳልሸጥ አስጠነቀቀኝ። እሺ አልኩ። ሰው በእኔ አፍ እሺ ሲባል ሰምቶ ስለማያውቅ ፀሐፊው ደግሞ ጠየቀኝ።

አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። የሽመና ዕቃውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ጨርቅ ሲያልቅ ጢሞ ሱቅ በር ላይ እንዘረጋዋለን፤ እሱ ከሥሩ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። "ያዝኩህ" አይልም፤ "ሽማግሌው፣ እዚህ ጋ ተኝተህ ነበር" ይላል፣ ገበያው እየሰማ። ገዢዎቹ ለምደውት እነሱም አንገታቸውን ያስገባሉ። ትናንት አንዲት ሴት ጢሞ ያለፈውን አገኘችና ሁለታችንንም ሰደበችን። ጨርቁን ግን ገዛችው። ውሃውንም እስኪጠራ እቀዳለሁ፤ አክስትሽን በነገር የወጋሁበት ውሃ ሁሉ አሁን በእኔ ጀርባ እየተጓጓዘ ነው።

እሷ ያለችውም ልክ ነበር። እያየሁ ስወረውር ፍጥነቴ ጠፋ። ጎረቤቶች "አሞዎታል ወይ? ድምፁ ቀዘቀዘ" ይሉኛል። ያ ዘፈን ያለችው ነገር፣ እኔ ሰምቼው የማላውቀው፣ አሁን ሲቀር ነው እንደነበር የገባኝ። ቢሆንም አልቆጭም። የሰው ነጭ ከሚቀላ የእኔ ዘፈን ይቅር።

አንቺንም ተቀይሜሽ ነበር፤ ይህ ሁሉ ዓመት ሁለታችሁ አውቃችሁ እኔ ብቻ "ይሄ ነው ሥራ" እያልኩ። ቅያሜዬ ግን እንደ ጉልበቴ ነው፤ ጠዋት ይብስብኛል፣ ትንሽ ሲሞቀኝ ይለቀኛል። ለባዕድ ዓይንሽን ሰጥተሽ ለእኔ ነፈግሽኝ ያልኩትን ሰርዢው።

ማኅተም አልፈልግም። የምትልኪልኝ ነገር ካለ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ ላኪልኝ፤ እዚህ ያሉት ክር ለማስገባት ከቀትር እስከ ማታ ይፈጁብኛል። መጠገን ጀምሬያለሁ። የእኔ ጥገና ከሩቅ ይታያል፤ ጢሞ "ቁስል ይመስላል" ይለኛል። እንዴት እንደምትሠራው ለማወቅ ከአልጋ ልብሴ ላይ አንዱን የእሷን ጥገና ልፈታው አሰብኩ። በአንድ በኩል ብቻ፣ ትንሽ ብቻ። እኔም ጢሞም፣ እኔ በጣቴ፣ እሱ በመነጽሩ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈለግን።

የክሩን ጫፍ አጣነው።